ጋዝ ሁሉ አንድ አይደለም፦ በተፈጥሮ ጋዝ ስለሚሄድ መኪና

በቅርቡ ማንበብ የጀመራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይህ ንግግር አስቀድሞ በራዲዮ ተነግሯል። ያን ጊዜ በጆሮ የሰማችሁትን አሁን በዓይናችሁ እንድታነቡት ታትሞ ቀርቧል። አትቸኩሉ። አንድ ቃል ቢያስቸግራችሁ ጣታችሁን ከቃሉ ላይ አኑሩና ድገሙት። ዓመተ ምሕረቱን የምነግራችሁ፣ ሌላ ነው ካላልኩ በቀር፣ በእኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የዛሬው ትምህርታችን በቤንዚን ፈንታ በተፈጥሮ ጋዝ ስለሚሄድ መኪና ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሡኝ። በታክሲ ትሳፈሩ የለም እንዴ? ቤታችሁስ የቡታ ጋዝ ሲሊንደር የለም? እንግዲያው ነገሩ እናንተንም ይነካል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቀን ልጆችን፣ ማታ ጎልማሶችን አስተምራለሁ። ከማታ ተማሪዎቼ አንዱ የታክሲ ሹፌር ናቸው። በዕድሜ በብዙ ይበልጡኛል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል። አንድ ማታ ሰው ሁሉ ወጥቶ ሰሌዳውን ሳጠፋ ወደ ኋላ ቀሩና እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ በውጭ አገር መኪና በጋዝ ይሄዳል ይባላል። እኔ ቤንዚኑን አልቻልኩትም። ቤቴ ሁለት የቡታ ጋዝ ሲሊንደር አለ። አንዱን ከኋላ አስሮ፣ ቱቦውን ከሞተሩ ጋር አገናኝልሃለሁ የሚል ሰው አግኝቻለሁ። የተፈጥሮ ጋዝ ከመጣም በዚያው ሲሊንደር ትሞላለህ ብሎኛል። ምን ይላሉ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያ ማታ መልስ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ ጠይቄ እስክነግርዎ ድረስ እባክዎ አያስነኩት» አልኳቸው። ከዚያ ማንበብና መጠየቅ ያዝኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ጊዜ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በእኛ ቋንቋ «ጋዝ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ተሸክሟል። አያቶቻችን ጋዝ ሲሉ ላምባ ማለታቸው ነው። ለኩራዝ ይሆናል፣ ለምድጃም ይሆናል። ላምባ ግን ፈሳሽ ነው፤ በጠርሙስ ይገዛል። ሁለተኛው ጋዝ የማድ ቤቱ ቡታ ጋዝ ነው። ይኸኛው በተፈጥሮው ተን ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ሲጨመቅ ፈሳሽ ይሆናል። ሲሊንደሩን ብታወዛውዙት ውስጡ ይንቦጫረቃል፤ ሰምታችሁት ታውቁ ይሆናል። ሦስተኛው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ዋናው ነገሩ ሚቴን ይባላል። በባሕር ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ደቃቅ ፍጥረታት ሞተው፣ ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ተቀብረው፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመት ሙቀትና ክብደት የተለወጡት ነው። ከመሬት ተቆፍሮ ይወጣል። ከከብት እበት በባዮጋዝ ጉድጓድ የሚገኘውም ጋዝ አብዛኛው ይኸው ሚቴን ነው። እንዲያውም በስዊድን አገር እንዲህ ያለውን ጋዝ አጥርተው አውቶቡስ ይነዱበታል። እበት ጠፍጥፎ ላደገ ሰው ይህ ደስ የሚል ወሬ ነው።

የቡታ ጋዝና የተፈጥሮ ጋዝ ልዩነት በሁለት ነገር ይታወቃል። አንዱ ክብደት ነው። ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ ካፈተለከ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ ጉድጓድና ጥግ ይሞላል። ራቅ ብሎ ያለ ፍም ወይም ክብሪት ሲያገኘው ይነሣል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ከአየር በግማሽ ያህል ይቀልላል። ካፈተለከ ወደ ላይ ይሸሻል። ሜዳ ላይ ከሆነ በቶሎ ይበተናል። ቤት ውስጥ ከሆነ ግን ከጣሪያው ሥር ይጠራቀማል።

ሁለተኛው ልዩነት ግፊት ነው። የሹፌሩ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው።

አንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ነው? በአንድ ትልቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ይገባል። አሁን ደግሞ ወርዱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ ቁመቱም አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን በዓይነ ልቡናችሁ ሳሉ። ይህን ሣጥን ባልተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ብንሞላው፣ ጋዙ የሚሠራው ሥራ ያ የአንድ ጠርሙስ ቤንዚን የሚሠራውን ያህል ነው። ጥቂት ይበልጥ ይሆናል እንጂ ብዙ አይራራቅም። ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመድረስ 20 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ መኪና እንግዲህ 20 ሣጥን ሊጎትት ነው?

ይህን የሞከሩ ነበሩ። በዓለም ጦርነቶች ጊዜ በአውሮፓ ቤንዚን ለጦሩ ብቻ ሲሆን፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ፣ በሆላንድም፣ አንዳንድ መኪናዎችና አውቶቡሶች ከጣሪያቸው ላይ ትልቅ የጨርቅ ከረጢት ጭነው፣ በጋዝ ነፍተው ይሄዱ ነበር። ያ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ እንጂ የተፈጥሮ ጋዝ አልነበረም። ፎቶግራፉን ያየ ሰው ይስቃል፤ መኪናው ፍራሽ ተሸክሞ ገበያ የሚሄድ ይመስላል። ከረጢቱ ሞልቶም ብዙ መንገድ አያስኬድም ነበር።

ስለዚህ ጋዙ መጨመቅ አለበት። ዛሬ በመኪና የሚጫነው የተፈጥሮ ጋዝ እስከ 200 ባር ይጨመቃል። ባር የግፊት መለኪያ ነው። ጎሚስታው የቤት መኪና ጎማ ሲነፋ ውስጡ የሚኖረው ግፊት 2 ባር ያህል ነው። 200 ባር እንግዲህ የዚያ 100 እጥፍ መሆኑ ነው። የትንሽ ጣታችሁን ጥፍር ተመልከቱ። በዚያች በምታህል ቦታ ላይ ሁለት ኩንታል ጤፍ ቢጫንባት፣ 200 ባር ማለት ያ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ይህን ሸክም በየጥፍሩ ስፋት፣ ሌሊትና ቀን፣ መኪናው ሲቆምም ሲነጥርም ይሸከማል።

የማድ ቤቱ ቡታ ጋዝ ግን ፈሳሽ ለመሆን ይህን ያህል ግፊት አይፈልግም። በተለመደው የአየር ሙቀት ከ10 ባር በታች ይበቃዋል። ስለዚህ የማድ ቤት ሲሊንደር ቆርቆሮው ስስ ነው። ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ የሚያነሡት ለዚህ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ሲሊንደር ግን ከወፍራም ብረት ይሠራል፤ 60 ሊትር ውኃ የሚይዘው ዓይነት ባዶውን ከ50 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ጋዝ 10 ኪሎ ያህል ሲሆን፣ የሚሠራውም ሥራ የ14 ወይም የ15 ሊትር ቤንዚን ሥራ ነው። አያችሁ? ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ እንኳ ከቤንዚን ጋር አይተካከልም። የኋላው የዕቃ ቦታ ይጠብባል፤ ቶሎ ቶሎ መሙላት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና የቤንዚን ተን ይስባል። ወደ ላይ ሲመለስ የሳበውን ይጠቀጥቀዋል። ያን ጊዜ ካንዴላው ብልጭ ይላል። ድብልቁ ይነድዳል፣ ግሎ ይሰፋል፣ ፒስተኑንም በኃይል ወደ ታች ይገፋዋል። ጎማውን የሚያዞረው ይህ ነው። ሞተሩ እንግዲህ የሚፈልገው ከአየር ጋር ተደባልቆ በካንዴላ የሚነድድ ነገር ነው። የተፈጥሮ ጋዝም ይህን ያደርጋል። ስለዚህ የቤንዚን ሞተር ሳይቀየር በጋዝ ሊሠራ ይችላል። የሚጨመረው ሲሊንደሩ፣ የብረት ቱቦው፣ ግፊት መቀነሻውና ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ ነው። የቤንዚን ጋኑም በቦታው ይቀራል። ሹፌሩ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ከጋዝ ወደ ቤንዚን፣ ከቤንዚን ወደ ጋዝ ይለውጣል። ብዙዎቹ መኪናዎች ጠዋት በቤንዚን ይነሡና ሞተሩ ሲሞቅ ወደ ጋዝ ይዞራሉ።

ሞተሩ እስኪሞቅ የሚጠበቀው ለምንድን ነው? የጎማ ነፋስ አስወጥታችሁ ታውቃላችሁ? አፉ ይቀዘቅዛል። የተጨመቀ ነገር በድንገት ሲለቀቅ ይቀዘቅዛል። ከ200 ባር የሚለቀቅ ጋዝማ ግፊት መቀነሻውን በረዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ከሞተሩ የሚመጣ ሙቅ ውኃ በመቀነሻው ዙሪያ እንዲያልፍ ይደረጋል። ይህ ሥራ መለኪያና ሥልጠና ይጠይቃል። በመዶሻና በጎማ ቱቦ የሚሠራ አይደለም።

የናፍጣ ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። ናፍጣው የሚነድደው አየሩ በጣም ሲጠቀጠቅ በሚያመጣው ሙቀት ነው። የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያ በቀላሉ አይነድድም። ስለዚህ የናፍጣ መኪና በጋዝ ብቻ እንዲሄድ ከተፈለገ ሞተሩ ከባድ ለውጥ ይፈልጋል፣ ወይም አዲስ ሞተር ይገዛል።

ጥቅሙስ? ጋዝ ባለባቸው አገሮች አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚን ይረክሳል። ሲነድድ ጥቀርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ለዓለም ሙቀት መጨመር ምክንያት የሆነውን የካርቦን ጭስም ከቤንዚን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ነገር ግን ጋዙ ሳይነድድ ከየቱቦው ካፈተለከ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ሚቴን ራሱ ሙቀት አፋኝ ነውና፤ በ20 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ጭስ ከ80 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ደግሞም በቤንዚን ይሠራ የነበረ ሞተር በጋዝ ሲሠራ ከጉልበቱ ከአሥር አንድ ያህል ያጣል። እንጦጦን ተሳፋሪ ሞልቶ የሚወጣ ሹፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል።

ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ኢጣልያኖች ከ1920ዎቹ ጀምሮ በተጨመቀ ጋዝ መኪና ነድተዋል። አርጀንቲና በ1977 ዓ.ም. ጀምራ ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና በጋዝ ታስኬዳለች። እኔን የሚገርመኝ ግን የደልሂ ታሪክ ነው።

ደልሂ የሕንድ ዋና ከተማ ናት። እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ አገሯ ሕንድ ነው። የከተማው አውቶቡሶች የናፍጣ ጭስ እየተፉ፣ ባጃጆቹም ከዘይት ጋር የተደባለቀ ቤንዚን እያጨሱ ሕዝቡን አሳል በአሳል አደረጉት። ሜህታ የሚባሉ ጠበቃ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት አቀረቡ። በሐምሌ ወር 1990 ዓ.ም. የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዘዘ፦ የደልሂ አውቶቡሶች በሙሉ እስከ መጋቢት 1993 ዓ.ም. ድረስ በተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ መሄድ አለባቸው። አሮጌ ታክሲዎችና ባጃጆችም በንጹሕ ነዳጅ በሚሄዱ አዳዲሶች ይተኩ።

መጋቢት 1993 ደረሰ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አውቶቡሶቹ አልተቀየሩም፤ ማደያዎቹም አልበቁም። ሕዝቡ በፌርማታ ቆሞ ቀረ። ወደ ጋዝ የተቀየሩት ባጃጆችና ታክሲዎች ደግሞ በማደያ በር ላይ ለብዙ ሰዓት ተሰለፉ፤ ሹፌሮች በሰልፍ ውስጥ ተኝተው አደሩ። አስቡት፤ በቀን ገቢው የሚኖር ሰው ግማሽ ቀኑን ለሰልፍ ሲሰጥ! ትእዛዙ ከማደያው ቀደመ። እኔ ፍርድ ቤቱን አልነቅፍም፤ ሕፃናት ያስሉ ነበር። ነገር ግን ዋጋውን መጀመሪያ የከፈለው ባለ ባጃጁ ነው። ፍርድ ቤቱ ጊዜ ጨመረ፤ ቆይቶም በ1994 ዓ.ም. በናፍጣ በሚሄድ በእያንዳንዱ አውቶቡስ ላይ በቀን 500 ሩፒ ቅጣት ጣለ። በ1995 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የናፍጣ አውቶቡሶች ከከተማው የአውቶቡስ ሥራ ወጡ።

ጥቁሩ ጭስ በእርግጥ ቀነሰ። ዛሬም የደልሂን ባጃጅ በአረንጓዴና በቢጫ ቀለሙ ታውቁታላችሁ፤ በጋዝ እሄዳለሁ ማለቱ ነው። ነገር ግን የመኪናው ቁጥር ከዓመት ዓመት በዛ፣ ገበሬዎችም በመከር ወራት ገለባ ያቃጥላሉ፣ ፋብሪካውም አለ፤ ስለዚህ የደልሂ አየር ዛሬም ከዓለም እጅግ ከቆሸሹት አንዱ ነው። ጋዙ የአውቶቡስን ጭስ አጸዳ እንጂ ከተማውን አላጸዳም።

ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለሹፌሩ የነገርኳቸው ይህን ነው። በናይጄሪያ አገር በግንቦት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚን ድጎማ ሲያነሣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ሰዉ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ መኪና አዘነበለ። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ቤኒን በምትባል ከተማ አንድ መኪና ማደያ ውስጥ ጋዝ ሲሞላ ሲሊንደሩ ፈነዳ። ሰዎች ቆሰሉ። የመንግሥት ሰዎች መርምረው የተናገሩት ምንድን ነው? ሲሊንደሩ በብየዳ ተነካክቷል፤ ለተጨመቀ የተፈጥሮ ጋዝ የተፈቀደ አልነበረም አሉ።

አሁን የሹፌሩ ጥያቄ ተመለሰ አይደል? ከ10 ባር በታች ለሆነ ጋዝ የተሠራውን የማድ ቤት ሲሊንደር 200 ባር ብትሞሉት ይቀደዳል። መቀደድ ስል እንደ ጆንያ አይደለም፤ እንደ ቦምብ ነው። እሳት ባይኖርም እንኳ ግፊቱ ብቻ ሰው ይገድላል። «ታዲያ ቡታ ጋዙን ራሱን ለመኪናው ብጠቀምስ?» ትሉ ይሆናል። በዓለም ላይ በዚያ ጋዝ የሚሄዱ መኪናዎች በእርግጥ አሉ። እነሱም ግን ለመኪና ተብሎ የተሠራ የራሳቸው ጋን አላቸው፤ ሲሞላ ከልክ እንዳያልፍ የሚዘጋ፣ ግፊቱ ሲበዛ የሚያስተነፍስ፣ በግጭት ጊዜ እንዳይነቀል በብሎን የታሰረ። የማድ ቤቱ ሲሊንደር ማድ ቤት ቆሞ እንዲሠራ እንጂ ኮረኮንች ላይ እንዲነጥር አልተሠራም። ካፈተለከም ጋዙ ከባድ ነው ብለናል፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ይተኛል።

እንግዲህ ወደ ንባባችን እንምጣ። ሲሊንደር ይጻፍበታል። በብረቱ አንገት አካባቢ በመዶሻ የተመታ ወይም በወረቀት የተለጠፈ ጽሑፍ አለው። የተፈጥሮ ጋዝ ከሆነ ሦስት የፈረንጅ ፊደሎች ታያላችሁ፦ ሲ፣ ኤን፣ ጂ። ሲ ግማሽ ጨረቃ ትመስላለች። ኤን ሁለት ቋሚና በመካከላቸው ሰያፍ እንጨት ናት። ጂ ደግሞ ያችው ግማሽ ጨረቃ ሆና ከአፏ ትንሽ ምላስ ታወጣለች። የማድ ቤቱ ከሆነ ኤል፣ ፒ፣ ጂ ይላል። ኤል የአናጢ ማዕዘን ትመስላለች፤ ፒ ከላይ ሆድ ያወጣ ምሰሶ ናት። ሁለቱም በጂ ያልቃሉና መጨረሻውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። የመጀመሪያዋ ፊደል ጨረቃ ናት ወይስ ማዕዘን? ይህን እዩ።

ቀጥሎ ቁጥሩን ፈልጉ። በተፈጥሮ ጋዙ ሲሊንደር ላይ 200 የሚል የግፊት ቁጥር ይገኛል። ከዚያ የተሠራበትና የተመረመረበት ዘመን አለ። ሲሊንደር ያረጃል፣ ይዝጋል፣ ይጫጫራል። ስለዚህ በሕንድ በየ3 ዓመቱ፣ በአርጀንቲና በየ5 ዓመቱ ከመኪናው ወርዶ በውኃ ግፊት ይመረመራል፤ ያላለፈው ይጣላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንድ ወጥመድ አለ። በሲሊንደሩ ላይ የተመታው ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ ንግግር የተዘጋጀው በ2018 ዓ.ም. ነው። አንድ ሰው ሲሊንደር ሊሸጥላችሁ አመጣ እንበል። 06 2021 የሚል ቁጥር አያችሁ። በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው «2021 ገና አልደረሰም፤ ሦስት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ ይገዛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የፈረንጆቹ 2021 ስድስተኛ ወር የእኛ 2013 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ነው። በ3 ዓመት ይመርመር ከተባለ ጊዜው በ2016 ዓ.ም. አልፏል። ወሩም ቢሆን 06 ስላለ የካቲት እንዳይመስላችሁ። ደብተራችሁን አውጡና ይህን ጻፉት፦ ከፈረንጅ ዓመት ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው 7፣ ከጥር እስከ ነሐሴ ባለው 8 ቀንሱ። በታኅሣሥ መጨረሻ ቀኖች ላይ ጥቂት ይዛባል፤ ለሲሊንደር ግን ይበቃል።

ስለ ሽታም ልንገራችሁ። የተፈጥሮ ጋዝ ከመሬት ሲወጣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። በቱቦ ወደ ማደያና ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ነገር ይጨመርበታል። የሚጨመረው እንድትሸሹ ነው። መኪና ውስጥ ሳላችሁ ያ ሽታ ቢመጣ ሹፌሩን አቁም በሉት። ሞተሩ ይጥፋ፣ በሩ ይከፈት፣ ሰው ይውረድ፣ የሲሊንደሩ መዝጊያ ይዘጋ። ክብሪት የለም፣ ሲጋራ የለም፣ የመብራት ቁልፍ መንካት የለም። የሚያፈተልክበትን ቦታ በእሳት የሚፈልግ ሰው ካያችሁ ርቃችሁ ሂዱ፤ እንዲህ ያለው በሳሙና አረፋ ነው የሚፈለገው፤ አረፋው ከሚፈላበት ላይ ቀዳዳ አለ። ጋዝ ሲሞላም ተሳፋሪ ከመኪናው ይወርዳል። በብዙ አገር ደንብ ነው። ዝናብ ቢሆንም፣ ልጅ ቢተኛም ውረዱ።

ስለ አገራችን ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ። በሶማሌ ክልል ካሉብና ሂላላ በሚባሉ ቦታዎች የተፈጥሮ ጋዝ አለ። የካሉቡን ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ቆፍሮ አገኘው። ከዚያ በኋላ ብዙ ኩባንያ መጣ፣ ብዙ ኩባንያ ሄደ፤ ጋዙ ግን ከመሬት ሥር ቆየ። በመስከረም ወር 2018 ዓ.ም. በካሉብ ጋዙን ወደ ፈሳሽ የሚለውጠው ፋብሪካ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በመጨመቅ ብቻ ፈሳሽ አይሆንም። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ያን ጊዜ ስፋቱ 600 ጊዜ ያህል ያንስና በልዩ ቦቴ መኪና ሊጫን ይችላል። በቻይና በዚህ ፈሳሽ ጋዝ የሚሄዱ ከባድ የጭነት መኪናዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጋዙ ለእኛም ረጅም መንገድ ለሚሄደው የጭነት መኪና ቀድሞ የሚስማማ ይመስለኛል። ለቤት መኪናማ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱትን እንዳይገቡ ሲከለክል ፊቱን ያዞረው ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ጋዝ ወጣ ማለት ነገ ታክሲያችሁ ይሞላል ማለት አይደለም፤ ማደያ ይፈልጋል፣ የሠለጠነ መካኒክ ይፈልጋል፣ ሲሊንደር የሚመረምር ቤት ይፈልጋል። የደልሂን ሰልፍ አስታውሱ።

ሹፌሩ ይህን ሁሉ ሰሙኝና ዝም አሉ። በሳምንቱ ወደ ክፍል ሲመጡ አንዲት ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። የቤታቸውን ሲሊንደር በባትሪ እያዩ ያለውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠው ነበር። ማዕዘን፣ ሆድ ያለው ምሰሶ፣ ምላስ ያላት ጨረቃ። ከሥሩ 30 የሚል ቁጥር ነበረ፤ ፋብሪካው ሲሊንደሩን የፈተነበት ግፊት ነው። ጠመኔውን አንሥተው ሰሌዳው ላይ 200 ጻፉ፤ ከሥሩ 30 ጻፉና ቀነሱ። 170 ወጣ። ቁጥሩን ቆመው ትንሽ አዩትና «ይኼንን ለዚያ መካኒክ ወስጄ ላሳየው» አሉ።